«እባክሽ የኔ እህት» የሚከፈልበት ፎርም የለም

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን፣ የፋይናንስ ልጆቼ፣ ከኔ ቀድማችሁ ጡረታ ወጥታችሁ ለኔ ብላችሁ የመጣችሁ ወዳጆቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

መድረክ መሪዋ አምስት ደቂቃ ሰጥታኛለች። እዚህ ቤት 29 ዓመት ሙሉ «አምስት ደቂቃ ብቻ» የሚባል ሥራ ስሠራ ኖሬአለሁ። አምስት ደቂቃ ምን ያህል እንደሚረዝም ዛሬ ታያላችሁ።

ምስጋናዬን ላስቀድም። ለካባውም ለወርቁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንጀራዬን የበላሁት፣ ልጆቼን ያስተማርኩት እዚህ ነው። ከብሔራዊ ትያትር እስከ ለገሃር ያለችውን መንገድ ጫማዬ ብቻውን ይሄድባታል።

አሁን ወደ መጣሁበት።

የሽንኩርቱን ነገር የፋይናንስ ልጆች ታውቁታላችሁ። ሌሎቻችሁ ስሙኝ። የፋሲካ ዋዜማ ነው። 55 ቀን ተጾሞ ሊፈታ ሰዓታት ቀርተዋል። ድስቱ ተጥዷል፣ ሦስት ኪሎ ሽንኩርት እየተቁላላ ነው። የዶሮ ሽንኩርት ደግሞ ዞር አይባልበትም። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የዚያን ጊዜው አለቃዬ ናቸው። «እባክሽ የኔ እህት፣ አንዲት ኤክሴል ብቻ። ለቦርድ ነው፣ በጣም አስቸኳይ።»

«እሺ» አልኩ። ምን ልበል? እህቴ ብለውኛል።

ልጄን «አማስዪ» ብዬ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሂሳቡ ከባንኩ ጋር በ340 ብር አልገጥም አለ። እሱን ሳስታርቅ ሁለት ሰዓት ተኩል ሄደ። 3፡30 ላይ በቴሌግራም ላክሁና ተነሣሁ። ማዕድ ቤት ሳልደርስ ሽታው ተቀበለኝ። ልጅቷ ያኔ 14 ዓመቷ ነው፣ እሷም ስልኳ ላይ ነበረች። በርበሬ ጨመርኩ፣ ቅቤ ጨመርኩ፤ ያረረ ሽንኩርት ግን አይታረቅም። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን የፈታነው በሱ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ «ጥሩ ነው» እያለ በላ።

ይህም ይሁን። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። እሁድ ከሰዓት ቴሌግራሙን ባየው አንድ ራይት ብቻ፤ አልተከፈተም። ሰኞም አንድ ራይት። ሁለት ራይት የሆነው ማክሰኞ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ፣ እኔ ቢሯቸው በር ላይ ቆሜ ነው።

እኔ ማን ነኝ? የዚህን ቤት ትርፍ ሰዓት የማሰላው እኔ ነኝ! የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን እንደ ውዳሴ ማርያም እደግመዋለሁ። በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48። ትርፍ ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት 1.5 እጥፍ፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5። ለሾፌሩ፣ ለጥበቃው በየወሩ አስልቼ ስከፍል ኖሬ ለራሴ አንድ ፎርም አልሞላሁም። ለምን? አዋጁ ትርፍ ሰዓት የሚሠራው በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ ነው ይላል። እኔን ደግሞ ማንም አዞኝ አያውቅም። ሲለምኑኝ ነው የኖሩት። ትእዛዝ ይመዘገባል፣ ይከፈልበታል። ልመና በየትኛው ፎርም ይሞላል?

እዚያ ጥግ የተቀመጠው ሾፌራችን ይህን ከኔ በፊት ገብቶታል። 11፡30 ሲል ቁልፉን ይዞ ይቆማል። «ጋሼ፣ አንዴ ቦሌ ደርሰህ ና» ሲባል «ይጻፍልኝ» ይላል። ስንት ስም አወጣንለት! ችኮ አልነው። እኔም ብዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ። ከተጻፈለት ሄደ፣ ካልተጻፈለት ቤቱ ገባ። ይኸው፣ ማንም አላባረረው።

«ቤተሰብ ነን» ትሉናላችሁ። ይህ ቤተሰብነት ከ11፡30 በኋላ ብቻ የሚጀምረው ለምንድን ነው? ደመወዝ ይጨመር ስንል «መመሪያው አይፈቅድም»። ልጄ ታማብኛለች ስንል «ፈቃድ ሙዪ»። ቅዳሜ ማታ ሲሆን ግን እህቴ፣ እናቴ፣ የኔ ቆንጆ! ወይ እንደ ሠራተኛ እዘዙን፣ ወይ እንደ ወንድም መጥታችሁ ሽንኩርቱን አማስሉልን!

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። አንዷን ልጅ ልቅሶ ቤት ተቀምጣ ሳለ ደውዬ ፓስወርድ ጠይቄአታለሁ። «እባክሽ የኔ ልጅ» ብዬ። «እሺ እትዬ» አለችኝ። ይሉኝታውን ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ከነገ ጀምሮ ወንበሬን የምትረከበውም እሷ ናት።

ስለ ዓመት ፈቃድ ብዙ ጽፌ ነበር። ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ እየተጨመረ የኔ 30 ደርሶ ነበር። ውሰዱት። የምሳ ሰዓቱ ይለፍ፣ መድረክ መሪዋ ሰዓቷን እያየች ነው።

አንቺ ልጅ፣ ነይ። የሰኔ 30 መዝጊያው ሰነድ ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ ነው። ቁልፉ ይኸውልሽ። ያልገባሽ ነገር ካለ እራት እስኪቀርብ ጠይቂኝ። ቅዳሜ ማታ እሳት ላይ ሽንኩርት አለኝ።