ፕላትፎርሙ ከመዘጋቱ በፊት ወጥ ቤቱ ይቀዘቅዛል

እንደምን አመሻችሁ? አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ቅዳሜ ምሽታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኤድንብራና ከግላስጎው ድረስ የመጣችሁም አላችሁ። ሻይ ከኋላ አለ፣ እየጠጣችሁ አዳምጡኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ ግራ እንዳይገባችሁ።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ሥራዬ ምግብ ማብሰል ነው፤ ወጥ ቤቴ ያለው ግን ባሕር ላይ ነው። ከዳይስ፣ ከዚሁ ከአበርዲን አየር ማረፊያ፣ በሄሊኮፕተር ተነስቼ፣ ያንን ወፍራም የመንሳፈፊያ ልብስ ለብሼ፣ ሰሜን ባሕር መሃል ወዳለ የነዳጅ ማውጫ ፕላትፎርም እሄዳለሁ። ሦስት ሳምንት እዚያ፣ ሦስት ሳምንት ቤት። በቀን 12 ሰዓት ሥራ ነው። ፕላትፎርም ስለማይተኛ እኩለ ሌሊት ላይም ትኩስ ምግብ መኖር አለበት። አልኮል ክልክል ነው፣ ቤተሰብ ሩቅ ነው፣ ስለዚህ ሰው የሚጽናናው በማዕዱ ነው። እኔ ይህን ሥራ እወደዋለሁ። ልጆቼን ያሳደግኩበት ነው።

ዛሬ እንድናገር የተጠየቅኩት ስለ ነዳጁ ሥራ ነው። እየቀነሰ ነው፤ ይህ የማያከራክር ነገር ነው። እኔ መናገር የምፈልገው በመሃል ስላለው ክፍተት ነው። አሮጌው ሥራ እየሄደ ነው፣ አዲሱ ገና አልደረሰም፣ በሁለቱ መሃል ደግሞ ሰው አለ።

ከወጥ ቤቱ ልጀምር። ባሕር ላይ ስንት ምግብ አብሳይና ስንት ጽዳት እንደሚያስፈልግ የሚወሰነው ስንት ሰው እንደሚያድር ታይቶ ነው። አዲስ ጉድጓድ መቆፈር ሲቆም የቁፋሮ ቡድኑ ጓዙን ጠቅልሎ ይወጣል። አልጋዎች ባዶ ይሆናሉ። በሚቀጥለው ዙር ስንመጣ ከእኛ አንዱ የለም። ከዚያ ደግሞ ሌላው። ጋዜጣው ይህ ፕላትፎርም ሊዘጋ ነው ብሎ ከመጻፉ ከዓመታት በፊት እኔ በማዘው ድንች ብዛት አውቄዋለሁ። እኛ ደግሞ በአብዛኛው የኮንትራክተር ሠራተኞች ነን፤ ስማችን ከነዳጅ ኩባንያው መዝገብ ላይ ስለሌለ ኩባንያው ይህን ያህል ሰው ቀነስኩ ሲል እኛ ቁጥሩ ውስጥ አንገባም።

ይህ ከተማ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ለልጆቹ በአጭሩ ልንገራቸው። በ1970 ቢፒ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ከአበርዲን በስተምሥራቅ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ፎርቲስ የተባለውን የነዳጅ መስክ አገኘ። በሚቀጥለው ዓመት ሼል ወደ ሰሜን ራቅ ብሎ ብሬንትን አገኘ። ብሬንት የአንድ የዝይ ዝርያ ስም ነው፣ ሼል መስኮቹን በውሃ ወፎች ስም ይጠራቸው ስለነበር። በ1975 ከፎርቲስ የወጣው ነዳጅ በቧንቧ ወደ የብስ መምጣት ጀመረ። ዓሣ በማጥመድና በድንጋይ ጠራቢነት የሚታወቅ ከተማ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአውሮፓ የነዳጅ ዋና ከተማ ተባለ። በ1999 ብሪታንያ ከባሕሯ የምታወጣው ዘይትና ጋዝ አንድ ላይ ሲቆጠር በቀን 4.5 ሚሊዮን በርሜል ገደማ ደርሶ ነበር። ከዚያ ጀምሮ ቁልቁል ነው። ዛሬ የዚያ ሩብ ገደማ ቢሆን ነው።

ለምን ወረደ? ብዙ ሰው ሁሉንም በታክሱ ያሳብባል። ታክሱ ከባድ ነው፣ አዎ። በግንቦት 2022 መንግሥት በነዳጅ ኩባንያዎቹ ትርፍ ላይ ተጨማሪ 25 በመቶ ጣለ፣ ከዚያ 35 አደረገው፣ ከዚያ 38፤ ከበፊቱ 40 ጋር 78 በመቶ ማለት ነው። ኖርዌይም 78 በመቶ ታስከፍላለች። ልዩነቱ የኖርዌይ ኩባንያ የነገውን ያውቃል። እዚህ ግን በሦስት ዓመት ውስጥ መጠኑም ተቀያየረ፣ ያበቃል የተባለበት ቀንም ከ2025 ወደ 2028፣ ከ2028 ወደ 2029፣ ከዚያ ወደ 2030 ተገፋ። በእንዲህ ዓይነት ነገር ላይ ማን ገንዘቡን ያፈስሳል? እኔ ታክስ አይከፈል አልልም፤ ዋጋ ሰማይ ሲነካ ትርፉ ለሕዝብ መድረስ አለበት። ቁልቁለቱ ግን ታክሱ ከመምጣቱ ከ20 ዓመት በላይ ቀድሞ ነው የጀመረው።

ዋናው ምክንያት መሬቱ ራሱ ነው። መስኩ ሲያረጅ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ከጉድጓዱ ከነዳጅ ይልቅ ውሃ ይበዛል። ፕላትፎርሙን ለማቆም የሚወጣው ወጪ ግን አይቀንስም፤ ቀለሙ፣ ጥገናው፣ ሄሊኮፕተሩ፣ የእኔ ሽንኩርትም ያው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ በርሜል እየተወደደ ይሄዳል። ሌላም አለ። መስኮቹ ቧንቧ የሚጠቀሙት በጋራ ነው። አንዱ ሲዘጋ የቧንቧው ወጪ በቀሩት ላይ ይከፋፈላል፣ እነሱም ቶሎ ይደክማሉ። እንደ እድር ነው፤ አባል እየቀነሰ ሲሄድ መዋጮው የቀረው ሰው ላይ ይከብዳል።

አገር ቤትስ ምን አገባው የሚል ካለ አንድ ነገር ላስታውሰው። በታኅሣሥ 2017 እዚሁ ከአበርዲን በስተደቡብ በፎርቲስ ቧንቧ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ተገኘች። ቧንቧው ተዘጋ። የብሬንት ዋጋ ከ2015 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ65 ዶላር በላይ ወጣ። የዓለም ገበያ ብሬንትን እያየ ነው ዋጋ የሚተምነው፤ ነዳጅዋን ከውጭ የምትገዛ አገራችንም በዚያው ማዕበል ላይ ናት። አዲስ አበባ ማደያ ላይ የሚሰለፈው የታክሲ ሹፌር ስለዚህ ባሕር አልሰማ ይሆናል፣ ባሕሩ ግን ኪሱ ድረስ ይደርሳል።

አሁን ወደ ሰዉ። እዚሁ ከተማ ያለው የሮበርት ጎርደን ዩኒቨርሲቲ በ2025 ባወጣው ጥናት በ2024 በዘይትና ጋዙ ሥራ ከነአቅራቢዎቹ 115,000 ገደማ ሰው እንደነበረ ቆጥሯል። በ2030ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከ57,000 እስከ 71,000 ሊወርድ ይችላል ይላል። ግማሽ ማለት ነው። ቁጥሩን ስሰማ ፊት ነው የሚታየኝ። ከዳይስ የሚመላለሰው ታክሲ ነጂ፣ አብዛኞቻችሁ የጀመራችሁበት የሆቴል ጽዳት፣ የሥራ ልብስ የሚያጥበው ላውንደሪ፣ በየሦስት ሳምንቱ ከሚወርደው ሠራተኛ እንጀራውን የሚበላው ሱቅ። ሁሉም የተሰፋው በአንድ ክር ነው።

እኔ ይህን ቀምሼዋለሁ። በሰኔ 2014 አንድ በርሜል ብሬንት 115 ዶላር ገደማ ነበር። በጥር 2016 ከ30 በታች ወረደ። እኔን የቀነሱኝ በ2015 ነው። እቤቴ ሆኜ ቀጣዩን ዙር ስጠብቅ ስልክ ተደወለ፣ ከአምስት ደቂቃ ያልበለጠ ወሬ ነበር፣ ወደ ፕላትፎርሙ ተመልሼ ቢላዎቼን እንኳን አላመጣሁም። የቤቱ ዕዳ አለ፣ ልጆች አሉ። የአበርዲን ቤት ዋጋ ደግሞ አብሮ ወደቀ፤ ሸጬ ልሂድ ብል ዕዳውን አይሸፍንም። አሥራ አራት ወር ያገኘሁትን እየሠራሁ ቆየሁ። ባለቤቴ የሌሊት ሥራ ያዘች። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያኔ ጤፍ ቋጥረው ቤቴ ድረስ ያመጡ ሰዎች አሉ። ስማችሁን አልጠራም፣ እናንተ ታውቁታላችሁ። አልረሳሁትም።

ስኮትላንድ ይህን ከእኛ በፊት አይታለች። የከሰል ማዕድን ቁፋሮዎቹ ተዘጉ። በ1992 ሬቨንስክሬግ የብረት ፋብሪካ ተዘጋ። በሚያዝያ 2025 ደግሞ ግሬንጅማውዝ፣ ከ1924 ጀምሮ የነበረው፣ የስኮትላንድ ብቸኛው የነዳጅ ማጣሪያ፣ ድፍድፍ ማጣራት አቆመ። 400 ገደማ ሰው። አገሪቱ ነዳጅ መጠቀም አላቆመችም፤ ተጣርቶ ከውጭ በመርከብ ይመጣላታል። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። እዚህ ያለውን ሥራ ዘግቶ ያንኑ ነዳጅ ከሌላ ቦታ መግዛት ለሠራተኛውም ለአየሩም አይጠቅምም።

አንዳንድ ወጣቶች መቼም ነዳጅ ዓለምን እያጠፋ ነው ይሉኛል። እሰማቸዋለሁ። የቦረና ድርቅ ከብቱን ሁሉ ሲጨርስ ገንዘብ ያዋጣን ሰዎች ነን፣ የአየር ንብረት ለውጥ ለእኛ ወሬ አይደለም። መንግሥት ለአዲስ ፍለጋ ፈቃድ አልሰጥም ማለቱ ገብቶኛል። እኔ የምለው ሰዉን በቅደም ተከተል አሸጋግሩት ነው።

ወደ ነፋስ ኃይል ሂዱ ይባላል። ጥሩ። የመጀመሪያው ተንሳፋፊ የነፋስ ኃይል ጣቢያ እዚሁ ፒተርሄድ ፊት ለፊት በ2017 ሥራ ጀምሯል፣ ጂቢ ኢነርጂ የተባለው የመንግሥት የንጹህ ኃይል ኩባንያም ዋና መሥሪያ ቤቱ አበርዲን ነው። ግን እኔ እንደ ወጥ ቤት ሰው ነው የማየው። ፕላትፎርም ላይ ከመቶ በላይ ሰው ያድራል። የነፋስ ተርባይን ላይ ማንም አያድርም። ሲተከል ብዙ ሰው ይፈልጋል፣ ከተተከለ በኋላ ጥቂት ቴክኒሻን በጀልባ ሄዶ ይመለሳል። ሠራተኛ የሚያሳድሩ የአገልግሎት መርከቦች አሉ፣ እነሱ ላይ የሚሠሩ ጓደኞች አሉኝ፣ ብዛቱ ግን የፕላትፎርሙን አያህልም። ሥልጠናውም ሌላ ጣጣ ነው። ለነዳጁ የወሰድኩት የባሕር ላይ የሕይወት አድን ሥልጠና አለኝ፣ የነፋሱ ደግሞ የራሱን ወረቀት ይጠይቃል። አንድ ባሕር፣ አንድ ውሃ፣ ሁለት ክፍያ። በ2025 መጀመሪያ ላይ የክህሎት ፓስፖርት የሚባል ነገር መጥቷል፣ የትኛው ወረቀትህ የት እንደሚሠራ በኢንተርኔት ያሳይሃል። ጅምሩ ደግ ነው። ክፍያውን ግን አይከፍልልህም።

አሮጌ ፕላትፎርም ማፍረሱም ሥራ ነው። በ2017 ብሬንት ዴልታ የተባለውን ፕላትፎርም የላይኛውን ክፍል፣ 24,000 ቶን፣ አንድ ግዙፍ መርከብ በሰከንዶች ውስጥ አንስታ ወሰደችው። ያንን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርኩም። የተቆራረጠው ግን ስኮትላንድ ውስጥ ሳይሆን እንግሊዝ፣ ቲሳይድ ነው። ጉድጓዶቹን መድፈንና ፕላትፎርሞቹን ማንሳት በዓመት ከ2 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ የሚወጣበት ሥራ ነው፣ ከፊሉም በታክስ ቅናሽ በኩል ከሕዝብ ኪስ ነው። እንግዲህ የሕዝብ ገንዘብ ካለበት ሥራው ለዚህ ሕዝብ ይሁን ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሌላው የማይነገረው ደህንነት ነው። ሄዝልሄድ ፓርክ ሦስቱ የነሐስ ሰዎች የቆሙበትን ሐውልት አይታችኋል? ልጆቻችሁን ውሰዷቸው። ፈንድቶ የተቃጠለው የፓይፐር አልፋ ፕላትፎርም መታሰቢያ ነው። ሐምሌ 6 ቀን 1988፣ 167 ሰው ሞተ። ለጥገና የደህንነት ቫልቩ የተነሳለት ፓምፕ ነበር፣ ወረቀቱ ከአንዱ ሺፍት ወደ ሌላው በትክክል አልተላለፈም፣ ፓምፑን አስነሱት፣ ጋዝ አምልጦ ፈነዳ። ብዙዎቹ የሞቱት መኖሪያው ክፍል ውስጥ በጭስ ታፍነው ነው፤ ሄሊኮፕተር ይመጣል ብለው መመገቢያው አካባቢ ተሰብስበው ሲጠብቁ የነበሩ አሉ። እኔ በየቀኑ የምሠራበት ዓይነት ክፍል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አደጋውን የመረመሩት ዳኛ ሎርድ ከለን 106 ምክረ ሐሳብ አቀረቡ፣ ሁሉም ተቀባይነት አገኘ። አሁን የሚያሳስበኝ ፕላትፎርሞቹ እያረጁ፣ ልምድ ያላቸው ደግሞ ነገ የለንም ብለው ወደ መካከለኛው ምሥራቅና ወደ ሌላ አገር እየሄዱ መሆኑ ነው። አሮጌ ቫልቭ ድምፁን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። ከመንግሥት፦ ነዳጅ ላይ ከተሰበሰበው ታክስ ላይ የሠራተኛው ሥልጠና ይከፈል፣ የኮንትራክተር ሠራተኛም ይቆጠር። የሼትላንድ ደሴቶች ሰዎች በ1970ዎቹ ከኩባንያዎቹ ጋር ቁጭ ብለው ተደራድረው ለደሴታቸው የሚሆን ገንዘብ አስቀመጡ፤ ኖርዌይ በ1990 ፈንድ አቋቋመች፣ ዛሬ ከአንድ ትሪሊዮን ዶላር በላይ አላት። ብሪታንያ ግን የነዳጁን ገንዘብ እንደመጣ አጠፋችው። የቀረውን እንኳን በወጉ ይያዙት።

ከእናንተ ደግሞ፦ ልጆቻችሁ ኤሌክትሪክ፣ ብየዳና ኢንስትሩመንት፣ ማለትም የመለኪያና የመቆጣጠሪያ መሣሪያ ጥገና፣ ቢማሩ ደስ ይለኛል፤ ነዳጅም ነፋስም ማፍረሱም የሚፈልገው እጅ ነው። በወጥ ቤትና በጽዳት ያላችሁ፣ የሠራችሁበትን ቀን ሁሉ መዝግቡ፣ ውላችሁን አስነብቡ፣ የሠራተኛ ማኅበር ግቡ። ማኅበሩ ለፈረንጅ ብቻ አይደለም። እኔ በ2015 አባል አልነበርኩም፣ ስልኩ ሲዘጋብኝ ሌላ የምደውልበት ቁጥር አልነበረኝም።

ዛሬ ላፕቶፕ ይዣለሁ፣ ልጄም አብራኝ አለች፣ ከእኔ ፈጣን ናት። በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ እንቀመጣለን። የሥልጠና ወረቀት ያላችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ አሳዩን፣ የክህሎት ፓስፖርቱ ላይ አብረን እናስገባለን። እኔ ሐሙስ በሄሊኮፕተር እመለሳለሁ፣ ስለዚህ ዛሬ ያልደረሰለት ሰው እስከ ረቡዕ ማታ ይደውልልኝ።