አንድ ቆርኪ ሲጎድልህ
(ደሴ ላይ ለዳማና ለቼዝ ተጫዋቾች የተደረገ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ። አብሽሩ፣ አላስመሽባችሁም። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ከተማውን ሳያለብሰው እንጨርሳለን። የአቦሉ ሽታ እዚህ ድረስ እየመጣ ነው። በረካው ሳይደርስ እኔ ወንበሬ ላይ ነኝ።

አዘጋጆቹ የጠሩኝ ስለ ማሸነፍ እንድናገር ነበር። አስፈቅጄ ቀየርኩት። ስለ ማሸነፍ የሚያወራ ሰው መች ጠፋ? እኔ የማወራው ቆርኪ ስለ ጎደለበት፣ ንግሥቱ ስለ ተበላችበት፣ ከጎኑ የቆመው ተመልካች "በቃ፣ አለቀልህ" እያለ ስለሚያደርቀው ሰው ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያ ሰው ያልሆነ ካለ እጁን ያውጣ። አየኋችሁ፣ ማንም የለም።

ልጅ ሆኜ ዳማ የለመድኩት አንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በር ላይ ነው። ሰሌዳው ካርቶን ነው፣ ጠጠሩ ቆርኪ። አንዱ ቆርኪውን በፊቱ ይደረድራል፣ ሌላው ገልብጦ። ልብስ ሰፊውን ጋሼ ነበር የምንለው። መኪናውን እየረገጡ፣ ሱሪ እያሳጠሩ፣ ቀና ሳይሉ ነበር የሚጫወቱት። ለኔ ለልጁ ሲሉ ከራሳቸው አንድ ቆርኪ ቀንሰው ይጀምራሉ። እኔ 12፣ እሳቸው 11። ሁልጊዜም ይበሉኛል።

አንድ ቀን አለቀስኩ መሰለኝ፣ መኪናውን አቆሙና "አንተ እኮ ምን እንደምትፈልግ አውቃለሁ፣ እሱን ነው የምከለክልህ" አሉኝ። ያን ጊዜ አልገባኝም። አሁን ሳስበው ሌላው ሁሉ ከዚያች ንግግር የወጣ ነው።

እስቲ እንቁጠር። 12 ለ11 ሲሆን ልዩነቱ አንድ ቆርኪ ነው። እየተቀያየራችሁ ብትበላሉ፣ 6 ለ5 ይሆናል፣ ከዚያ 3 ለ2፣ ከዚያ 2 ለ1። ልዩነቱ አሁንም ያው አንድ ቆርኪ ነው። ግን 12 ለ11 ላይ ማንም አይሰማውም፤ 2 ለ1 ላይ ሰውየው የአንተን እጥፍ ይዟል። ስለዚህ ብልጫ ያለው ሰው የሚፈልገው ግልጽ ነው፤ መቀያየር፣ ሰሌዳውን ማራቆት። አንድ ሰጥቶ አንድ ይወስዳል፣ ፊቱ ላይ ምንም አይታይም። አንተ ከጎደለህ በዚያ መንገድ አትከተለው። ጠጠሮችህን አጠጋግተህ ያዝ። ሰሌዳው ይጨናነቅ። መብላት ግዴታ በሆነበት ጨዋታ ደግሞ ጭንቅንቁ ላንተ ይሠራል፤ አንዱን ወርውረህ ሁለት የምትበላበት ቀዳዳ የሚገኘው ሰሌዳው ሙሉ ሲሆን ነው።

ቼዝ ላይ ግን ነገሩ ግማሹ ይገለበጣል። እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ቼዝ ውስጥ ከጎደለህ ትልልቆቹን አትቀይር፤ ወታደሮቹን ግን ቀይር። ለምን? ሰውየው አንድ ቢሾፕ፣ ያ በሰያፍ በአንድ ቀለም ብቻ የሚሄደው፣ ወይም አንድ ፈረስ ይበልጥሃል እንበል። ወታደር ሁሉ ካለቀ ንጉሥና አንድ ቢሾፕ ብቻውን የቀረን ንጉሥ መግደል አይችሉም። ንጉሥና አንድ ፈረስም አይችሉም። ሁለት ፈረስ እንኳ፣ ተከላካዩ ራሱ ካልተሳሳተ፣ አስገድደው አይገድሉም። ብልጫውን ወደ ድል የሚለውጠው መጨረሻው ረድፍ ደርሶ፣ ነግሦ ንግሥት የሚሆነው ወታደር ነው። የጠንካራው ስንቅ ወታደሩ ነው። ስንቁን ጨርስበት።

አንዳንዴ ስንቁም ተርፎት አይጠቅመውም። ሰውየው ቢሾፕና አንድ ወታደር አለው፣ አንተ ባዶ ንጉሥ። ያለቀ ይመስላል። ግን ወታደሩ የዳር ወታደር ከሆነ፣ የሚነግሥበት ጥግ ደግሞ ቢሾፑ የማይረግጠው ቀለም ከሆነ፣ ንጉሥህን እዚያ ጥግ አድርሰህ አስቀምጠው። ቢሾፑ ዙሪያውን ቢዞር ከጥጉ ሊያስወጣህ አይችልም። ወታደሩን እስከ መጨረሻው ከገፋብህ ደግሞ ስቴልሜት ነው፤ ቼክ ሳትባል፣ ማለት ንጉሥህ ሳይጠቃ፣ የምትሄድበት ታጣለህ፣ ጨዋታውም አቻ ይወጣል። ይህን ያወቀ ልጅ ከአሥር መንገድ በፊት ንጉሡን ወደ ጥጉ ማሯሯጥ ይጀምራል። ያላወቀው እጁን ሰጥቶ ይነሳል። ሁለቱም የያዙት ያው ባዶ ንጉሥ ነው።

አንድ ሌላ ልጨምር፣ የሩኮቹን፣ በቀጥታ የሚሄዱትን። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው የቼዝ ተጫዋች ፊሊዶር ያሳየው ነው፣ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ሁለታችሁም አንድ አንድ ሩክ አላችሁ፣ እሱ አንድ ወታደር ይበልጥሃል። ንጉሥህን ከወታደሩ ፊት ለፊት መጨረሻው ረድፍ ላይ አስቀምጥ። ሩክህን ከራስህ በኩል ስትቆጥር ሦስተኛው ረድፍ ላይ አድርግና ወዲያ ወዲህ በላት፤ የሱ ንጉሥ ያንን መስመር አልፎ አይገባም። ትዕግሥቱ ሲያልቅ ወታደሩን ራሱን ወደዚያ ረድፍ ይገፋል። ያኔ ሩክህን ወደ ሰሌዳው ሌላ ጫፍ ይዘህ በርር፤ ከኋላ ቼክ፣ ቼክ፣ ቼክ። ንጉሡ ከፊቱ የሚከለልበት ወታደር የለም፣ ወታደሩ አልፎታል። አያችሁ፣ አንተ ምንም አልሠራህም። እሱ የሚፈልገውን ረድፍ ነው የከለከልከው። ልክ እንደ ጋሼ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ፣ ወደ ሰንጠረዥ፣ ወደ ቀድሞው የአገራችን ቼዝ። ከናንተ ብዙዎቹ ስሙን እንጂ አጨዋወቱን አታውቁትም፣ አልወቅሳችሁም። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ስለዚህ ጨዋታ ታሪክና ደንብ ጽፈዋል። ሰሌዳው ጥቁርና ነጭ አልነበረም፣ መስመር ብቻ ነው። ዛሬ የምናውቃት ንግሥት የለችም፤ በሷ ቦታ በሰያፍ አንድ አንድ ቤት የሚሄደው ፈርዝ ነበር። አጀማመሩ ወረራ ይባላል፤ መጀመሪያ እስኪበላላ ድረስ ተራ የለም፣ ሁለቱም እንደ ልባቸው ይደረድራሉ። ተመልካቹም ዝም አይልም ነበር፣ ዙሪያውን ከቦ ምክር ይጮሃል። ያቺ ልማዳችን እንኳ አልጠፋችም፣ የዳማ ቦታዎቻችንን ማየት ነው።

እኔን ግን ከሁሉ የገረመኝ አጨራረሱ ነው። ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይገደልም፣ አቻ ነው። ደግሞ በሩክ ቦታ ባለው በደር ወይም በፈረስ መግደል እንደ ጥሩ ጨዋታ አይቆጠርም፤ በደካሞቹ፣ በቢሾፕ ቦታ ባለው በፊል፣ በፈርዝ፣ ይልቁንም በእግረኛው በመደቅ የገደለ ነው የሚደነቅ። እስቲ ተሸናፊው ወንበር ላይ ሆናችሁ አስቡት። አሸናፊው ጠጠርህን ሁሉ ሙልጭ አድርጎ ከበላ ድሉ ይበላሻል። ስለዚህ መጠንቀቅ አለበት። አንተ ደግሞ የቀረችህን ጠጠር አፉ ውስጥ እየከተትክ "ብላ እንጂ" ትለዋለህ። በሌላ ጨዋታ ውድቀት የሆነው እዚህ መሸሸጊያ ነው። ደካማውን ይዘህ የትኛውም ጨዋታ ላይ ስትቀመጥ መጀመሪያ የአጨራረሱን ደንብ አንብብ የምለው ለዚህ ነው።

ደሴ ላይ ቆሜ የሰገሌን ጦርነት ሳላነሳ አልወርድም። የአይጠየፍን አዳራሽ ያሠሩት ንጉሥ ሚካኤል በ1909 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ወደ ሸዋ ሲዘምቱ መጀመሪያ ቶራ መስክ ላይ የሸዋውን የራስ ልዑል ሰገድን ጦር ድል አድርገው ነበር። ያን ጊዜ የተጨነቀው ሸዋ ነው። ግን ወዲያው ወደ አዲስ አበባ አልገሰገሱም። በነዚያ ቀናት ሸዋ ጦሩን አሰባሰበ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ሲገጠም ሚዛኑ ተለውጦ ነበር፤ ንጉሡም ተማረኩ። እኔ የጦር ታሪክ አዋቂ አይደለሁም፣ ሰው የሞተበትን ነገር ከቆርኪ ጋር ማስተያየትም አይመቸኝም። ግን ልጅ ሆኜ ታሪኩን ስሰማ ሁሌ የማስበው ስለነዚያ ጥቂት ቀናት ነበር። ለጎደለበት ሰው ቀን ማግኘት ጠጠር ማግኘት ነው።

የራሴን ጥፋት ደግሞ አልደብቅም። አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ ላይ ለውድድር ሄጄ፣ በጊዜ አንድ ፈረስ ተበላብኝ። ነገሩ ገና ረጅም ነበር። ወታደሮቹ ተቆላልፈዋል፣ መግቢያ የለም። ቁጭ ብዬ ብጠብቅ ሰውየው ምን እንደሚያደርግ አያውቅም ነበር። ግን ተመልካቹ አፈጠጠብኝ፣ እልህ ያዘኝ፣ በራሴ እጅ መሐሉን ከፈትኩት። ስምንት መንገድ አልቆየሁም። ወደ ደሴ ስንመለስ ታክሲው ውስጥ አንድም ሰው አላናገርኩም። የተበላው ፈረስ አይደለም የጣለኝ። አፈርኩ፣ ማፈሬን ቶሎ መጨረስ ፈለግኩ።

በቃ፣ በረካው ደረሰ። ከኋላ ስምንት ሰሌዳ ተዘርግቷል። ሁሉም ላይ አንዱ ወገን ሆን ተብሎ እንዲጎድልበት ተደርጓል፤ ዳማዎቹ ላይ አንድ ቆርኪ፣ ቼዞቹ ላይ አንድ ፈረስ። ታናናሾቹ ሙሉውን ይያዙ። ታላላቆቹ የጎደለውን። እኔ በር አጠገብ ያለውን፣ 11 ቆርኪ ያለውን ወስጃለሁ። ያቺ ቀይ ሹራብ የለበሰችው ልጅ፣ አዎ አንቺ፣ ስትስቂብኝ አይቻለሁ፤ ነይ ፊት ለፊቴ ተቀመጪ። ቡና ጀባ።