በእግዚአብሔር ትእዛዝ የተሠራው ጣዖት

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ እኔና እናንተ ብቻ ነን። ስለ ጣዖት ላወራችሁ ነው።

አውቃለሁ፣ "ዘመናዊ ጣዖት" ሲባል ዝርዝሩ አፋችን ላይ ነው። ገንዘብ፣ ስልክ፣ ኳስ፣ ዝና። ስብከቱን ሁላችንም ሰምተነዋል። ብዙ ጊዜ ታዲያ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የምናገኘው የሌላውን ሰው ጣዖት ነው። ኳስ የማያይ ሰው ስለ ኳስ ሲሰበክ "አሜን" ለማለት ምን ይቸግረዋል?

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ዓይነት ነው። ራሱ እግዚአብሔር የሰጠን፣ ውሎ አድሮ ግን ጣዖት የሆነብን ነገር።

ዘኁልቁ 21ን አስታውሱ። ሕዝቡ በምድረ በዳ በእባብ እየተነደፈ ሲያልቅ፣ እግዚአብሔር ሙሴን የእባብ ምስል ሠርተህ ስቀል አለው። ሙሴም ከናስ ሠራው። የተነደፈ ሁሉ ወደ እሱ እያየ ዳነ። እንግዲህ በትእዛዝ የተሠራ ነው፤ የእውነትም ሰው ድኖበታል። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ግን፣ 2ኛ ነገሥት 18 ላይ፣ ንጉሥ ሕዝቅያስ ያንኑ እባብ ሲሰባብረው እናገኘዋለን። ለምን? ሕዝቡ ያጥንለት ስለነበር።

እስቲ አስቡት። ይህን ከባዕድ አገር ያመጣው የለም። ምስክርነት ነበር። አባቶቻችን የዳኑበት ነው ሲባል ማን ደፍሮ ይነካዋል?

የእኛም እንደዚያው ነው። በጸሎት ያገኘነው ሥራ። ለምነን የወለድነው ልጅ። አገልግሎትም አለ፣ ይሄ ፖድካስት ጭምር። አንድ ክፍል በለቀቅኩ ቁጥር እጄ ቶሎ ቶሎ ወደ ስልኩ ይሄዳል፤ ስንት ሰው ሰማው? ቁጥሩ ከፍ ካለ ፊቴ ይፈካል። ዝቅ ካለ ደግሞ ለቤት ሰው መልስ መስጠት እንኳ ይከብደኛል። ስለ እግዚአብሔር የተናገርኩት ቃል ያው ነው፤ የተለወጠው ቁጥሩ ብቻ ነው። ታዲያ ደስታዬን በእጁ የያዘው ማን ነው?

ስለዚህ ጣዖትን ለመለየት "ምን ትወዳለህ?" ብዬ ራሴን አልጠይቅም። ልጁን የማይወድ ማን አለ? የምጠይቀው "ሲነካብህ ምን ትሆናለህ?" ብዬ ነው። ያ ነገር ሲጎድል እግዚአብሔር ራሱ የሌለ ከመሰለኝ፣ እጣኑ እየጤሰለት ነው ማለት ነው።

ወደ ሕዝቅያስ ልመለስ፤ ይህን ሰው እወደዋለሁ። እባቡን ሰባበረ ከተባለ በኋላ፣ ቀጥሎ ባለው ቁጥር በእግዚአብሔር እንደታመነ ተጽፏል። እዚያው ምዕራፍ ላይ ግን የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም መጣበት። 300 መክሊት ብርና 30 መክሊት ወርቅ አምጣ ተባለ። ሕዝቅያስ የቤተ መቅደሱን ደጆች ወርቅ ገፎ ሰጠ! እባቡን የሰበረው ሰውዬ እኮ ነው። ሰናክሬምም ወርቁን ተቀብሎ ሲያበቃ ጦሩን ወደ ኢየሩሳሌም ላከ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። "እግዚአብሔርን ካመንክ መዘጋጀት አያስፈልግም" የሚሉ ሰዎች አሉ። አልስማማም። ሕዝቅያስ ውሃውን ወደ ከተማዋ አስገብቷል፤ መጽሐፍ ቅዱስም ይህን ከሥራዎቹ መካከል ይቆጥርለታል። የሕዝቅያስ ዋሻ የሚባለው ዛሬም ኢየሩሳሌም ውስጥ አለ፤ ዓለት ተፈልፍሎ 530 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ኢሳይያስ 22፥11 ላይ ደግሞ ነቢዩ ስለ ውሃ ማጠራቀሚያው ከተማዋን ይወቅሳል። የወቀሳቸው ግን ስለሠሩት አይደለም፤ ይህን ሁሉ ወዳደረገው ወደ እግዚአብሔር ስላላዩ ነው። ቁጠባም፣ መድኃኒትም፣ ዲግሪም ያው ናቸው። ቆፍሩ፣ ችግር የለውም። ዓይናችሁ የት እንዳለ ግን እወቁ።

2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ላይ ሕዝቅያስ ከሰናክሬም የማስፈራሪያ ደብዳቤ ደረሰው። አነበበው፣ ወደ እግዚአብሔር ቤት ወጣ፣ በእግዚአብሔርም ፊት ዘረጋው። ይህን ጊዜ ወርቅ ፍለጋ አልሄደም። ጸሎቱን ስታነቡት ደግሞ አደጋውን አያሳንስም። የአሦር ነገሥታት በእውነት አሕዛብን አጥፍተዋል ይላል። አማልክቶቻቸውንም እሳት ውስጥ ጥለዋል፤ የሰው እጅ ሥራ፣ እንጨትና ድንጋይ ነበሩና። ይህን ሁሉ ከተናገረ በኋላ ነው "አድነን" ያለው።

እኔም ከዚህ የወሰድኩት ልማድ አለኝ። የሚያስፈራኝ ነገር ሲመጣ፣ የሐኪም ወረቀት ከሆነ ወረቀቱን፣ ከሥራ የመጣ ኢሜይል ከሆነ ኢሜይሉን ፊቴ ከፍቼ እጸልያለሁ። ቁጥሩንም፣ ቀኑንም፣ የሚያስፈራውንም ዓረፍተ ነገር ጮክ ብዬ አነብበዋለሁ። "አንተ ታውቃለህ" ብሎ ማለፍ ይቀለኝ ነበር፣ ግን ምኑን እንደሰጠሁት ራሴም አላውቀውም።

ሕዝቅያስ ከዚያ በኋላ ለባቢሎን መልእክተኞች ግምጃ ቤቱን ከፍቶ ያሳየበት ታሪክ አለ። እሱ ለብቻው ጊዜ ይፈልጋል፣ በሚቀጥለው ክፍል እንመጣበታለን። እስከዚያ ሰላም ሁኑ።