ደጅ የሳምኩበት ጉዞ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም፣ ብቻዬን ነው የማወራችሁ። ልነግራችሁ ፈልጌ ለረጅም ጊዜ ሳቅማማበት የቆየሁት ነገር አለ። ዴልሂ ማስተርሴን ስማር ከአከራዬና ከሰፈሩ ሰው ጋር የሄድኩት ጉዞ ነው። ጉዞ ስል እኛ የምናውቀውን ዓይነት ማለቴ ነው፤ አውቶቡስ ተከራይቶ፣ ስንቅ ተቋጥሮ፣ ከበሮ ተይዞ፣ ሌሊት እየተዘመረ። ግን የሄድነው ግሸን ወይም ቁልቢ አይደለም። ማቱራና ቭሪንዳቫን ነው። ሂንዱዎች የሚያመልኩት የክሪሽና አገር።

ለምን እንዳቅማማሁ ይገባችኋል። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ይሄን ታሪክ ለጓደኞቼ ስጀምርላቸው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ሰገድሽ?» ነው። አልሰገድኩም። ከዚህ ጥያቄ አልፎ የሚጠይቀኝ ሰው ግን ብዙም አላገኘሁም፣ ስለዚህ ዛሬ ሳልጠየቅ ልንገራችሁ።

አከራዬ ያኔ 68 ዓመታቸው ነበር። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይቷል፣ ልጆቻቸው ሌላ ከተማ ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ «አንቲጂ» ነው የሚላቸው። አንቲ ከእንግሊዝኛው የተወሰደ ነው፣ «ጂ» ደግሞ የእኛን «እርስዎ» ሥራ የምትሠራ የአክብሮት ቃል ናት። በካርቲክ ወር፣ የእኛ ጥቅምት አካባቢ ማለት ነው፣ የሰፈሩ ሰው በየዓመቱ ገንዘብ አዋጥቶ ይሳለማል። አንድ ማታ ሻይ ይዘውልኝ ወደ ክፍሌ ወጡና «ቤታ፣ ለብቻሽ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ነይ አብረን እንሂድ» አሉኝ። ቤታ ማለት ልጄ ማለት ነው። ሃይማኖቴን ያውቃሉ። ግድግዳዬ ላይ ያለችውን የእመቤታችንን ሥዕል ባዩ ቁጥር ሁለት እጃቸውን አጋጥመው እጅ ይነሷታል። እሺ አልኳቸው።

ዓርብ ማታ ተነሳን። ከዴልሂ ማቱራ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውቶቡሱ ገና ከከተማ ሳይወጣ ሴቶቹ ጀመሩ። ዶላክ የሚሉት በሁለቱም ጎኑ የሚመታ ከበሮ አላቸው፣ ማንጂራ የሚሉት ደግሞ እርስ በርሱ የሚጋጭ ትንንሽ ናስ። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ዓይኔን ስጨፍን፣ እውነት ለመናገር፣ ከልጅነቴ የማርያም ጉዞ ላይ ያለሁ መሰለኝ። ቋንቋው ሌላ ነው፣ የሚጠራው ስም ሌላ ነው፣ ግን ጉሮሮዋ ተዘግቶም ዝም ማለት የማትችለዋ ሴትዮ እዚያም አለች። ስንቁን ለሁሉም ሳታዳርስ የማትቀመጠዋም አለች።

ስንቁ ራሱ ገረመኝ። ፑሪ የሚሉት በዘይት የተጠበሰ ቂጣና የድንች ወጥ ነበር፣ ሽንኩርት የሌለበት! በክሪሽና አምላኪዎች ዘንድ ለእሱ በሚቀርብ ምግብ ውስጥ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አይገባም። ሥጋና እንቁላልም አይነኩም፣ ወተትና ቅቤ ግን ሞልቷል። ሽንኩርት ሳይቁላላ ወጥ ይሠራል ብሎ ማን ያስባል? ጣፈጠኝ ግን።

ማቱራ ብዙ አልቆየንም። ክሪሽና የተወለደበት የሚሉት ቦታ ጠባብ ክፍል ናት፣ እስር ቤት። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ ካንሳ የሚባል ንጉሥ የእህቱ ልጅ እንደሚገድለው ስለተነገረው እህቱን ከነባሏ አሰረ፣ የሚወለዱትን ልጆች እየተከታተለ ገደለ። ክሪሽና ሌሊት ተወለደ፣ አባቱም በዝናብ ያሙና ወንዝን አሻግሮ ለእረኞች ቤተሰብ ሰጠው። ሄሮድስ ትዝ አለኝ፣ እናንተም ትዝ ሳይላችሁ አይቀርም። ቅጥሩ አጠገብ በአውሮፓውያኑ 1670 አውራንግዜብ በሚባል ሙስሊም ንጉሥ ዘመን የተሠራ መስጊድ አለ። በቦታው ላይ ክርክር ስላለ ፖሊሱ ብዙ ነው፣ ስልክና ቦርሳ በር ላይ ይቀራል። ክፍሏ ውስጥ ሰው ሁሉ ጸጥ ይላል። ያን ሁሉ ጥበቃ አልፎ መጥቶ ለግማሽ ደቂቃ ቆሞ ይወጣል።

ልቤ የቀረው ቭሪንዳቫን ነው። ከማቱራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ ሰው ሰላም ሲባባል «ራዴ ራዴ» ይላል። መንገድ ልቀቁ ሲልም «ራዴ ራዴ»፣ ሲሰነባበትም «ራዴ ራዴ»። ራዳ የክሪሽና ወዳጅ ናት፣ ከእሱ ይልቅ የእሷ ስም ነው ቀኑን ሙሉ የሚጠራው። አንቲጂ ገና ከአውቶቡስ ስንወርድ መነጽሬን አስወልቀው ቦርሳዬ ውስጥ አስከተቱኝ። ጦጣዎቹ መነጽር ነጥቀው ጣሪያ ላይ ይወጣሉ፣ የሚበላ ካልተወረወረላቸው አይመልሱም። ስለዚህ ቭሪንዳቫንን ያየሁት ትንሽ ደብዘዝ ብላ ነው።

ባንኬ ቢሃሪ የሚባለው ቤተ መቅደስ በአውሮፓውያኑ 1864 የተሠራ ነው። መግቢያው ቀጭን ቀጭን መንገድ ነው፣ ግፊያው ከባድ ነው፣ አንቲጂን ከኋላ አቅፌ ነው የገባሁት። ውስጡ ደወል የለም። ክሪሽናን እዚያ እንደ ሕፃን ነው የሚያዩት፣ እንዳይደነግጥ ብለው ነው። ምስሉ ፊት ደግሞ መጋረጃ አለ። ይከፈታል፣ ሕዝቡ ይጮኻል፣ ያለቅሳል፣ እጁን ወደ ላይ ይዘረጋል፣ ወዲያው መጋረጃው ይዘጋል። ከጥቂት ቆይታ በኋላ ደግሞ ይከፈታል። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ድሮ አንድ አማኝ ዓይኑን ሳይነቅል ሲያየው ክሪሽና በፍቅሩ ተሸንፎ ተከትሎት ወጣ ይላሉ። ለዚህ ነው ማንም ለረጅም ጊዜ እንዳያየው የሚጋርዱት።

መጋረጃ እኔም አውቃለሁ። ቅዳሴ ላይ መጋረጃው ሲከፈትና ሲዘጋ እያየሁ ነው ያደግኩት። ግን አንቲጂ አንድ ነገር ጨመሩልኝ። እዚህ የሚመጣው ለዳርሻን ነው አሉኝ። ቃሉ ማየት ማለት ነው፣ እነሱ ግን ማየት ብቻ አድርገው አይረዱትም። መታየትም ነው። ይህን ሁሉ መንገድ የሚመጡት ሊያዩ ብቻ ሳይሆን እሱ እንዲያያቸው ነው።

ይሄ ነገር ለምን እንደነካኝ ልንገራችሁ። ዴልሂ ውስጥ ስታይ መዋል ደክሞኝ ነበር። ሜትሮ ውስጥ፣ ገበያ ውስጥ፣ ሰው ከእግር እስከ ራሴ ያየኛል፣ ሳያስፈቅድ ፎቶ ያነሳኛል፣ ከአጠገቤ ተነስቶ ሌላ ቦታ የሚቀመጥም ነበረ። በቆዳዬ ቀለም ነው፣ ሌላ ምክንያት ልፈልግለት አልችልም። እዚያ ግፊያ ውስጥ መጋረጃው ሲከፈት አንቲጂ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብለው «አየሽው? እንዳንቺ ጥቁር ነው» አሉኝ። ምስሉ ጥቁር ነው። ክሪሽና የሚለው ስም ራሱ በሳንስክሪት ጥቁር ማለት ነው። ያ ሁሉ ሺህ ሰው እያለቀሰ የሚጠራው ስም ጥቁር ማለት እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። አምልኮው የእኔ አይደለም፣ ግን ያቺን ንግግር እስከ ዛሬ ይዣታለሁ።

ስንወጣ ፕራሳድ ሰጡን። ለክሪሽና ቀርቦ ለሕዝብ የሚታደል ምግብ ነው፣ እንደ በረከት የሚቆጠር። በሁለት እጄ ተቀበልኩ፣ ግን አልበላሁትም። ለጣዖት ስለቀረበ ምግብ ጳውሎስ የጻፈውን እያሰብኩ ነበር። ቀስ ብዬ አጠገቤ ለነበረ ልጅ ሰጠሁት። አንቲጂ አዩኝ። ምንም አላሉም። ቅር አሰኘኋቸው ብዬ ተጨነቅኩ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሌላ ቤተ መቅደስ ሄድን። ሰልፍ ያዝን፣ ጫማ አወለቅን፣ በሩ ላይ ስደርስ ጥበቃው በትህትና አስቆመኝና ሰሌዳ አሳየኝ። ሂንዱ ያልሆነ አይገባም። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። ከኋላ ሰው ይገፋል፣ የእኛ ሰዎች ተራ በተራ እያለፉኝ ይገባሉ፣ አንዳንዶቹ አፍረው መሬት መሬት ያያሉ። «እርስዎ ይግቡ፣ እኔ እዚህ እጠብቃለሁ» አልኳቸው አንቲጂን። እሳቸው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። «ጉልበቴን አሞኛል» አሉኝ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እንደዚህ ያለውን ደንብ አልወደውም፣ ልዋሻችሁ አልችልም። ግን አዲስም አልሆነብኝም። ሴት ነኝ፣ ደብረ ዳሞ ሴት አይወጣም። እናቴ ደግሞ በገዛ ፈቃዷ የደጅ ሰው ናት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገብታ ያየኋት ጥቂት ቀን ነው። «አልበቃሁም» ትላለች፣ ግንቡን ተደግፋ ትቆማለች፣ በሩን ስማ ትመለሳለች። ልጅ ሆኜ ደጅ መቅረቷ ያናድደኝ ነበር። ይሄን ሁሉ በተሰባበረ ሂንዲና በእንግሊዝኛ ለአንቲጂ ነገርኳቸው። ሰሙኝ ሰሙኝና ተነስተው የቤተ መቅደሱን ደፍ በጣታቸው ነካ አድርገው ግንባራቸውን ዳሰሱ። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ። ደጅ መሳም ማለት ይሄው ነው።

ጉዞው ላይ ከደቡብ ህንድ፣ ከካርናታካ የመጡ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸው በጃንሆይ ዘመን ኢትዮጵያ ሄደው ሒሳብ አስተምረዋል፣ እንደ ብዙዎቹ የህንድ መምህራን፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «የወንድሜ አገር ልጅ» ነው የሚሉኝ። ከቤተ መቅደሱ ወጥተው ሲያገኙን አጠገባችን ተቀመጡና የካናካዳሳን ታሪክ ነገሩኝ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ገጣሚ ነው፣ ከእረኞች ወገን የተወለደ። ኡዱፒ ከሚባለው የክሪሽና ቤተ መቅደስ በዘሩ ምክንያት እንዳይገባ ከለከሉት። ከጀርባ በኩል ግንቡ ስር ሆኖ እየዘመረ ቆየ። ከዚያ ግንቡ ተሰነጠቀ፣ ውስጥ ያለው ምስልም ዞሮ ፊቱን ወደ እሱ አደረገ ይላሉ። ዛሬ ኡዱፒ የሚሄድ ሰው በካናካዳሳ ስም በተጠራች ትንሽ መስኮት ክሪሽናን ያያል። መምህሩ ይሄን ብለው ዝም አሉ። ማብራሪያ አልጨመሩም፣ ሻይ ገዙልን።

በሦስተኛው ቀን ገና ሳይነጋ ጎቨርዳን ሄድን። ጎቨርዳን ኮረብታ ነው። ክሪሽና በትንሿ ጣቱ አንስቶ፣ ሰባት ቀን እንደ ጃንጥላ ይዞ፣ የአገሩን ሰውና ከብት ከዝናብ አስጠለለበት ይላሉ። ሰው በባዶ እግሩ ይዞረዋል፣ 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮረብታው ረጅም ነው ብላችሁ አትጠብቁ፣ ዝቅ ያለ ነው። በየቀኑ የአንዲት የሰናፍጭ ቅንጣት ያህል እየሰመጠ ነው ብለው ያምናሉ። ለዚህ ነው ሳያልቅ እንድረስበት ብለው የሚጣደፉት የሚመስለው።

መንገዱ ዳር በደረታቸው የሚተኙ ሰዎች አየሁ። ሙሉ ሰውነታቸውን ዘርግተው ይወድቃሉ፣ እጃቸው የደረሰበት ላይ ምልክት ያደርጋሉ፣ ይነሳሉ፣ ምልክቱ ጋ ሄደው እንደገና ይወድቃሉ። 21 ኪሎ ሜትር በቁመታቸው እየለኩ! ከዚያም የባሰ አለ፤ 108 ጠጠር ይዘው አንድ ቦታ ላይ 108 ጊዜ ወድቀው፣ ጠጠሩን አንድ በአንድ አሻግረው ሲጨርሱ ነው አንድ ቁመት ወደፊት የሚሄዱት። ወራት ይፈጃል። አንዲት ነጠላ የመሰለ ነጭ የለበሱ አሮጊት እንዲህ ሲያደርጉ ቆሜ ብዙ አየኋቸው። አንገታቸው አቧራ ነው። ቀና ብለው «ራዴ ራዴ» አሉኝ፣ ጊዜ የሞላቸው ሰው በሚሉበት ድምፅ።

አንቲጂ መጀመሪያ ላይ በባትሪ ባጃጅ እንደሚሄዱ ነበር የነገሩን። ብዙ አሮጊቶች እንደዚያ ያደርጋሉ። ግን ባጃጁ ሲመጣ አልተሳፈሩም። ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ለሾፌራችን ሰጡና ከፊት ከፊቴ መሄድ ጀመሩ። አምስት ኪሎ ሜትር፣ አስር ኪሎ ሜትር። እኔ እግሬ ውሃ ቋጥሮ ማንከስ ስጀምር እሳቸው ክንዴን ይዘው ይጎትቱኝ ነበር። ያን አሞኛል ያሉትን ጉልበት አንድም ጊዜ ሲይዙት አላየሁም። ትናንት ደረጃው ላይ ለምን እንደተቀመጡ ያኔ ገባኝ። አልጠየቅኋቸውም። ክንዳቸውን ብቻ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

ማታ ስንመለስ ማቱራ ላይ አውቶቡሱ ለጥቂት ደቂቃ ቆመ። ማቱራ በፔዳ የታወቀች ናት፣ ወተት እስኪጠጥርና ቡናማ እስኪሆን ተቀቅሎ በስኳርና በሄል የሚሠራ ጣፋጭ። ሁሉም ወርዶ ገዛ። አንቲጂ አንድ የካርቶን ሳጥን ይዘው ተመለሱ፣ ጭኔ ላይ አስቀመጡትና ከጉያቸው ደረሰኙን አውጥተው አሳዩኝ።

«ይሄ ከሱቅ ነው ቤታ» አሉኝ። «ማንም ፊት አልቀረበም። አንቺ መብላት ትችያለሽ።»

ለካ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስቡበት ነበር።

እያለቀስኩ ነው የበላሁት። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ያዩኝ አይመስለኝም። ከፊት ያቺ ጉሮሮዋ የተዘጋው ሴትዮ በዚያ በሻከረ ድምጿ አዲስ ዜማ አወጣች፣ ዶላኩ ተነሳ። በሦስት ቀን ውስጥ አዝማቹን እኔም አውቄው ነበር። ቃሉን አላልኩም። ግን ሳጥኑን አንቲጂ ጭን ላይ አደረግኩና እስከ ዴልሂ ድረስ አጨበጨብኩ።