ሳትመረመሩ ስንዴ አታቁሙ፦ ስለ ሴሊያክ የአድማጮች ጥያቄና የሐኪሙ መልስ

ሴሊያክ በስንዴና በገብስ ውስጥ ባለው ግሉተን የሚነሳ የአንጀት ሕመም ነው። በዚህ ሳምንት ከባሕር ዳርና ከአካባቢዋ የደወላችሁልኝ ብዙ ናችሁ።

ከሽምብጥ፦ ዶክተር፣ ጤፍ ግሉተን አለው?
የለውም። ግን ወፍጮ ቤቱን እዩ። ከእናንተ በፊት ስንዴ ከተፈጨ፣ ድንጋዩ ላይ የቀረው ዱቄት ከጤፋችሁ ጋር ይወርዳል።

ከቀበሌ 14፦ ቢራና ጠላስ?
ቢራ የገብስ ብቅል ነው፣ አይሆንም። ጠላው የዳጉሳ ቢሆን እንኳ ብቅሉ የገብስ እንዳይሆን ጠይቁ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ ሰውነት ዳቦን ለምን ይጠላል?
ጎበዝ ልጄ። አንጀት ውስጥ ቲ ሴል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች አሉ። በዘራቸው ዲኪው2 ወይም ዲኪው8 የሚባል ነገር ያላቸው አንዳንድ ሰዎች ቲ ሴላቸው የግሉተንን ቁራጭ እንደ ጠላት ያየዋል። ከዚያ ሌሎቹን ሴሎች ይቀሰቅሳል፤ ምግብ የሚመጥጡት የአንጀት ጸጉር መሰል ነገሮች ተበልተው ጠፍጣፋ ይሆናሉ። ደም ማነሱም ክብደት መቀነሱም ከዚያ ነው። ዘሩ ያለው ሁሉ ግን አይታመምም።

አንዲት እናት፦ የ7 ዓመት ልጄ ሆዱ ይነፋል፣ ያስቀምጠዋል። ስልክ ላይ አንብቤ ዳቦ ካስቆምኩት 2 ወር ሆነው፣ ተሻለው። አሁን የደም ምርመራው ነጻ ነው አሉኝ። በቃ የለበትም ማለት ነው?
እህቴ፣ ለልጅሽ ብለሽ እንዳደረግሽው አውቃለሁ። ግን ይሄን ነገር ስንት ጊዜ ልናገር! ምርመራው የሚፈልገው ሰውነቱ ግሉተን ሲያገኝ የሚያመነጨውን አንቲቦዲ የሚባል የመከላከያ ፕሮቲን ነው። ዳቦው ከቆመ አንቲቦዲው ቀስ በቀስ ይጠፋል፣ አንጀቱም ይድናል። ስለዚህ ያ ወረቀት አለበትም የለበትም አይልም። የተሻለውም በሌላ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ጃርዲያ የሚባለው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ እኮ ልክ እንደዚህ ያስመስላል፣ ውሃ ሳያፈሉ ከሐይቁ በሚጠጡ ልጆች ላይ ደግሞ ይገኛል። እና እባካችሁ፣ ሆድ በነፋ ቁጥር ከፋርማሲ ሜትሮ (ሜትሮኒዳዞል የሚባለውን መድኃኒት) እየገዛችሁ አትስጡ። ሳይመረመር አታቁሙ፣ ሳይመረመር አትስጡ! አሁን ወደ ሕፃናት ሐኪም ውሰጂው፣ ዳቦ መቼ እንዳቆመ በቀኑ ንገሪው። ተመልሶ ስንት ሳምንት መብላት እንዳለበት የሚወስነው እሱ ነው። ዳቦውን ራስሽ እንዳትመልሺበት።

ከዘጌ፦ ከታወቀብኝ 4 ዓመቴ ነው፣ ደህና ነኝ። ለፋሲካ ትንሽ ድፎ ብቀምስ?
አይቅመሱ ጋሼ። ሴሎቹ አይረሱም። ተመራማሪዎች ለዓመታት ስንዴ ያቆሙ ሕሙማንን 3 ቀን ዳቦ አብልተው ደማቸውን ሲያዩ፣ በ6ኛው ቀን ገደማ ግሉተንን የሚያውቁት ቲ ሴሎች ደም ውስጥ ተገኝተዋል። ምግብ ቤት ዓሣ ሲያዙም ይጠይቁ፤ አንዳንዱ ፉርኖ ዱቄት ነስንሶ ነው የሚጠብሰው።

ከሐሙሲት፦ ከስቻለሁ፣ ሰገራዬ ላይ ደም አለ። ስንዴ ላቁም?
ስንዴውን አያቁሙ፣ ይብሉ። ይሄ በስልክ የሚታይ አይደለም። ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ።