ይሚማ

እሺ… ይሰማል? ይሰማል። ጋሼ ማይክራፎኑ ሥር ተጋድሟል፤ የሚያንኮራፋው እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ባለፈው ‹ድመትሽን ከስቱዲዮ አስወጪው› ብላችሁ ለጻፋችሁልኝ፦ ስቱዲዮው የእሱ ነው፣ እኔ ነኝ ተከራይዋ።

ዛሬ ስለ እንቅልፍ ላወራ ነበር። ማስታወሻም ይዤ ነበር። ግን አንድ ስም ጭንቅላቴ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለኝ። ይሚማ። እስኪ ጮክ ብላችሁ በሉት። አውቶቡስ ላይ ያላችሁ ተዉት።

እታለም ነፍሰ ጡር ናት፤ የምትወልዳት ሴት መሆኗን ካወቀች ወዲህ ስም ፍለጋው የእኔ ሥራ ሆኗል። ትእዛዟን ታውቁታላችሁ፤ አጭር ነው፦ በየክፍሉ ሦስት አራት የማይገኝ፣ ለአፍ የማይከብድ፣ እንስሳ ያለበት። እንስሳ ለምን? ‹አበባ ይጠወልጋል› አለችኝ። በቃ። እታለምን ደግሞ መልሶ የሚጠይቃት የለም።

እና ፈለግኩ። ለካ የእንስሳ ስም ሞልቶናል፣ ሳናውቀው ነው የምንጠራው። ራሔል በግ ናት፤ እናት በግ። ዲቦራ ንብ። የሙሴ ሚስት ሲፓራ ወፍ። ጣቢታ ሚዳቋ። ዮናስ ደግሞ ርግብ ነው! ዮናስ የሚባል ሰው የማታውቁ እጃችሁን አውጡ። አንድም የለም። ወንዱ ርግብ እንዲህ ተትረፍርፎ፣ ሴቷ ርግብ፣ ይሚማ፣ የት እንደገባች ጠያቂ የላትም። ይሄ ያናድደኛል ልል ነበር፣ ግን እውነቱን ለመናገር አያናድደኝም፤ ይገርመኛል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ… አዎ፣ ቁጠሩ፣ አንድ።

ይሚማ የኢዮብ ልጅ ናት። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ፣ ምዕራፍ 42፣ ያ ሁሉ መከራ ካለፈ በኋላ ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ይወለዱለታል። የወንዶቹ ስም አልተጻፈም፤ የሴቶቹ ተጽፏል። ደግሞ አባታቸው ከወንድሞቻቸው ጋር ርስት ሰጣቸው ይላል። በዚያ ዘመን! ይሄን ሳነብ ‹አገኘሁት› አልኩ። ርግብ፣ ርስት ያላት፣ የወንድሞቿ ስም ሲቀር የእሷ የተጻፈ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ትርጉሙ ግን እንዲህ የተቆረጠ አይደለም። ርግብ የሚሉት ‹የማማ› ከሚለው የዐረብኛ ቃል ጋር አያይዘው ነው። ጥንታዊው የግሪክ ትርጉም ደግሞ ‹ቀን› ይላታል፣ እንደ ብርሃን፣ እንደ ንጋት። ደስ ይላል፣ ግን እንስሳ የለበትም፣ ስለዚህ ትእዛዙን አያሟላም። ያው ግሪኩ ሦስተኛዋን እህት ምን እንደሚላት ታውቃላችሁ? ‹የአማልትያ ቀንድ›። አማልትያ በግሪኮች ተረት ዜውስን ያጠባች ፍየል ናት። እና ለእታለም ‹እንስሳ ፈለግሽ አይደል፣ ይኸው ከነቀንዱ› አልኳት። አልሳቀችም። እናንተ እንደምትስቁ ግን አውቃለሁ።

አሁን እዚህ ጋ ነው… ቆይ ውኃ ልጠጣ።

የኢዮብን ምዕራፍ ከስልኬ እያነበብኩላት ነበር። እሷ ትንንሽ ልብሶች ታጣጥፋለች። ‹ይሚማ› የሚለው ጋ ስደርስ ጎላ አድርጌ አነበብኩት፣ ሰርግ ላይ ሙሽራ እንደሚያስገባ ሰው። ርስቱንም አነበብኩ። ‹እሺ ምን ትያለሽ?› አልኳት። እሷም ‹የመጀመሪያዎቹስ?› አለችኝ።

‹የምን የመጀመሪያዎቹ?›

‹ቤቱ የወደቀባቸው። እነሱም ሦስት ሴቶች ነበሩ አይደል? ስማቸው ማን ነበር?›

ወደ ምዕራፍ 1 ተመለስኩ። እውነትም ሰባት ወንድ፣ ሦስት ሴት። ነፋስ መጣ፣ ቤቱ ወደቀ፣ ሞቱ። ስም የለም። ‹አልተጻፈም› አልኳት።

‹እህ› አለች።

ይህቺን ‹እህ› ነው ስሰማት የምከርመው። የቷ እህ ናት? ‹እህ፣ ቀጥዪ› የምንላት ናት? ‹እህ፣ ለካ እንዲህ ነው› ናት? ወይስ ያቺ ከሆድ የምትወጣዋ? ድምጿ ከፍ አላለም፣ ዝቅም አላለም። ወዲያው ደግሞ ‹ቃስያም አይከፋም› ብላ ወደ ሁለተኛዋ እህት አለፈች። ቃስያ እንስሳ አይደለችም፣ የቅመም ዛፍ ናት፤ ‹እንስሳ አይደለም እኮ› አልኳት፤ ‹ይሁና› አለች። እንስሳ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ስትል የከረመች ሴትዮ፣ ይሁና!

የቆያችሁ አድማጮች ያለፈውን ጊዜ ታውቃላችሁ። አዲስ የመጣችሁ… አልናገረውም፣ የእኔ ወሬ አይደለም። ይህን ያህል ብቻ፦ ያን ጊዜ ስም ለመፈለግ ገና አልጀመርንም ነበር።

እና አስቡት፤ በጎቹ 7000 የነበሩት 14000 ሆኑለት። ግመሎቹ 3000 የነበሩት 6000። በሬው እጥፍ፣ አህያው እጥፍ። ልጆቹ ግን ያው አሥር ናቸው። ለምን ሃያ አልሆኑም? ይህን የሚያብራሩ ሰዎች አሉ፤ የፊተኞቹ እግዚአብሔር ዘንድ አሉ እንጂ አልጠፉም፣ ስለዚህ ልጆቹም እጥፍ ሆነዋል ይላሉ። በግ ከሞተ ሞተ፣ ልጅ ግን ይቆጠራል ማለታቸው ነው። ይሄ አንዳንድ ቀን ያጽናናኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ የሂሳብ ሠራተኛ ያወጣው ይመስለኛል።

ስለዚህ ይሚማ ማለት ርግብ ናት ወይስ… ‹በኋላ የመጣችው› ናት? አንዲት ሕፃን ገና ሳትወለድ ይህን ትሸከም? ምናልባት ማንም አያስበውም። ምናልባት እታለምም አላሰበችውም፣ እኔ ነኝ።

ሁለት። ወደ ዋናው ጉዳይ።

ስሙ ምን ያህል ይዘወተራል ላላችሁ፦ ብሪታንያ ውስጥ ይታወቃል፣ አሜሪካ ውስጥ ብርቅ ነው። ምክንያቱ ደግሞ አያስቅም። በ1889 አንድ የፓንኬክ ዱቄት በዚህ ስም ወጣ፣ ‹አክስት ይሚማ› ተብሎ። ስሙ የተወሰደው ነጮች ፊታቸውን አጥቁረው መድረክ ላይ ከሚዘፍኑት ዘፈን ነው። ካርቶኑ ላይ የሳሏት ጥቁር ሴት ለነጭ ቤት አብስላ ደስ ያላት ዓይነት ናት። የርግቧ ስም ከዚያ በኋላ ስድብ ሆነ። የምርቱን ስም የቀየሩት በ2021 ነው።

እና ናንሲ ግሪን የምትባል ሴት ነበረች፣ በባርነት የተወለደች። በ1893 በቺካጎው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ቆማ ‹አክስት ይሚማ›ን የሆነችው እሷ ናት። በዚያ ስም ጠሯት። በ1923 ስትሞት መቃብሯ ላይ ስሟ የተጻፈበት ድንጋይ አልነበረም፤ የቆመላት በ2020 ነው። ይሄን ለእታለም አልነገርኳትም። ልንገራት? ነፍሰ ጡር ናት። ግን እሷ ናት እኮ ‹ስማቸው ማን ነበር› ብላ የጠየቀችው።

ሌላ ደግሞ፤ አሜሪካ ውስጥ የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤቱ ከ1880 ጀምሮ ለሕፃናት የወጡ ስሞችን በየዓመቱ ዘርዝሮ አስቀምጧል። በዓመቱ ከአምስት ልጅ በታች የተሰጠ ስም ግን ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም፤ ማንነታቸው እንዳይለይ ነው። ጥሩ ምክንያት ነው። እኔ ግን አራቱን አስባለሁ። አራት ልጆች፣ ብርቅ ስም ያላቸው፣ እናቶቻቸው ሲጠሯቸው የሚዞሩ፣ መዝገቡ ግን…

ጋሼ፣ ገመዱን ተወው። ተወው አልኩ! ይኸውላችሁ፣ ለድመት የታላቅ ወንድም ማዕረግ ስንሰጥ ማንም ‹ይከብደዋል› አላለንም። አወጣንለት፣ ለመደው። ልጅም እንደዚያ ይሆናል እላለሁ። ወይም አይሆንም፤ ጋሼ እኮ ስሙን ሲጠሩት አይመጣም።

ትናንት እታለም መልእክት ላከችልኝ፦ ‹ይሚማ በኃይለ ቃል ስትጠሪው እንዴት ይሆናል?› ይላል። ብቻዬን ሳሎን ውስጥ ቆሜ ‹ይሚማ! ነይ ውረጂ!› እያልኩ ሞከርኩት። ያስኬዳል፣ ‹ማ› የምትለዋ ጋ ይሳባል። መልሼ ግን አልጻፍኩላትም፣ ምክንያቱም ‹ያስኬዳል› ካልኳት ወሰነች ማለት ነው፣ ከወሰነች ደግሞ ያቺን እህ… እኔ አልጠይቃትም። ትጠይቁ ነበር? እኔንጃ። ይህን ክፍል ታዳምጠው ይሆናል፣ ታዳምጣለች እኮ፣ እያዳመጠች ነው ‹አላዳምጥም› የምትለኝ። ከመልቀቄ በፊት ይህን ቦታ ልቆርጠው እችላለሁ። ወይም ልተወውና…