እጄ ቀድሞ ያወቀው

እንዴት አመሻችሁ! ዛሬ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሁሉ የእናንተ ስራ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እረፍታችሁን ትታችሁ ስዕል ልትማሩ የመጣችሁ ልጆችም እናቶችም አባቶችም፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ብዙ አላወራም፣ ግን ሆዴ ውስጥ የቆየ አንድ ነገር አለ።

እኔ ለብዙ አመት ስዕል ስሰራ ደስታ የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። ስኬቹን በእርሳስ እጨርሳለሁ፣ በካሬ በካሬ ከፋፍዬ ሸራ ላይ አሳርፋለሁ፣ ከዛ በኋላ ቀለም መሙላት ብቻ ነው የሚቀረኝ። ስራው ያምራል፣ ሰውም ይገዛዋል፣ እኔ ግን ስጨርስ ደክሞኝ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ።

አንድ ክረምት ላይ የእናቴን መሶብ እየሳልኩ፣ ሶስት ሳምንት ለፍቼበት ቀዩ አልመጣልኝ አለ፣ ተናድጄ ስፓቹላ አነሳሁና ገና እርጥብ የነበረውን ኦይል መፋቅ ጀመርኩ። ሲፋቅ ከስር አድርቄው የነበረው ቢጫ በቀጭን በቀጭኑ ብቅ ብቅ አለ፣ ቁርጥ የተሰነጠቀ አክርማ፣ የመሶብ መስፊያው ሳር! በትንሿ ብሩሽ አንድ በአንድ ስታገለው የነበረው ስፌት እዛው ስር ነበር። ከዛማ እጄ አላቆመም፣ እዚህ ፋቅ፣ እዛ ጋ ትንሽ ቀይ ጠቅ፣ ቀና ስል መሽቷል፣ ምሳም አልበላሁ።

ሰው ይሄን ደመነፍስ ይለዋል፣ እኔ ግን እንዲሁ ከባዶ የመጣ አይመስለኝም። ልጅ ሆኜ እናቴ ስትሰፋ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አክርማ እሰነጥቅላት ነበር፣ እሷ ውሃ ውስጥ ነክራ ስታለሰልሰው፣ በወስፌ ወጋ አድርጋ ስትስበው አይ ነበር፣ እኔ ብረሳውም እጄ አልረሳውም።

የወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍን ስዕሎች ያያችሁ ታውቃላችሁ፣ ፊደላችንን ይስበዋል፣ ይገለብጠዋል፣ አንዱን ካንዱ ያጋባዋል፣ በመጨረሻ አይነበብም ግን የኛ ፊደል መሆኑን አይናችሁ ያውቀዋል። እሱ ዋሽንግተን ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲማር ካስተማሩት አንዱ ሰዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ነው፣ እስክንድር ራሱ ብራናም የዛፍ ልጥም ላይ ይሰራ የነበረ ሰው። ፊደልን እንደዛ ማጫወት የሚችለው ሀ ሁ ብሎ ያደገ እጅ ነው ብዬ አምናለሁ።

እስቲ በሩ አጠገብ ያለችውን ትንሿን ሸራ ሂዱና እዩልኝ። ሰማያዊው ከላይ እስከ ታች ተንጠባጥቧል፣ የሰራችው ልጅ መጀመሪያ በጨርቅ ልትጠርገው ነበር፣ ከዛ እጇን ሰብስባ ትንሽ አየችውና ዝናብ አደረገችው። ያኔ ፊቷን ብታዩት! እኔ ለማስተማር የመጣሁት ለዛች ደቂቃ ነው።

ቡናው ደርሷል መሰለኝ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ስትመጡ ግን እርሳስ እንዳትይዙ፣ ሸራውን እኔ አዘጋጃለሁ።